ጀርባ የሌለው ድምፅ

የመኪና ቴፕ መግጠም ቀላል ነው የሚለኝን ሰው አልወድም። «ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ማገናኘት አይደል እንዴ?» ይለኛል፤ ሱቄ በር ላይ እግሩን አነባብሮ ሻይ እየጠጣ። አዲስ መኪና ላይ እንደዚያ ይሆን ይሆናል። እኔ ግን አዲስ መኪና ደርሶኝ አያውቅም። ላሊበላ የሚደርሰው መኪና ሌላ አገር አርጅቶ፣ የስንት ሰው እጅ በርብሮት፣ ገመዱን አይጥ ቀርጥፎት ነው የሚመጣው። በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ተሰክቶ አገኛለሁ። ወረቀት ፊውዝ አይደለም። የፊውዝ ሥራው ኃይል ሲበዛ ቀድሞ መሞት ነው፤ እሱ ሲሞት ገመዱ ይተርፋል። ወረቀቱ አይሞትም። ስለዚህ ገመዱ ይነድዳል፣ ከገመዱ ቀጥሎ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው።

ይህን ስናገር ዕድሜዬ አለቀ፤ የሚሰማኝ የለም። ሙያዬ እንደዚህ ነው። አናጺ ጠረጴዛውን ያሳያል፣ ልብስ ሰፊ ቀሚሱን ያሳያል፤ የእኔ ሥራ ግን ከዳሽቦርድ ጀርባ ተሸፍኖ ይቀራል። በደንብ ከሠራሁት ማንም አያየውም። ስሜ የሚነሳው ሲበላሽ ብቻ ነው። እግዜር ይስጥልኝ የሚሉኝ ሞልተዋል፤ እሱ ለሁሉም የሚባል ነው። ሥራህ ያምራል ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ይህ አያሳዝነኝም ብል ውሸት ነው። ያሳዝነኛል።

ድሮ፣ ቱሪስት እንደልብ በሚመጣበት ጊዜ፣ የአስጎብኚ መኪና ከሱቄ በር አይጠፋም ነበር። ፈረንጁ ቤተ ክርስቲያኖቹን ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ሾፌሩ እኔ ዘንድ ይመጣና ቴፑን፣ ስፒከሩን፣ የስልክ ቻርጀሩን ያሠራል። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ፤ ቱሪስቱ በዚያው ቀረ። መኪኖቹ የቆሙበት ቦታ ሣር በቀለ። አንዱ አስጎብኚ ተስፋ ቆርጦ አሮጌ ላንድክሩዘሩን ሸጦ አገር ለቆ ሄደ። የገዛው የሰፈራችን ቅሬ ነው።

ቅሬ የምንለው አዲስ አበቤው ዕድር የሚለውን ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው የመንደር ማኅበር። አባቴ የዚህ ቅሬ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ባረፈ ማለዳ ጥሩምባቸውን ይዘው ከኮረብታ ኮረብታ እየዞሩ ይነፋሉ፤ ነፍተው ሲያበቁ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰዓቱን ይናገራሉ። ከሟቹ ቤት ከመውጣታቸው በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«ያልተረዳ ማን አለ?»

መርዶ በእኛ ዘንድ በድንገት አይወድቅም። ወንድሙ የሞተበት ሰው ካለ ሽማግሎች ማልደው ቤቱ ይሄዳሉ፤ አረፍ ይላሉ፤ ክንዱን የሚይዝ ጠንካራ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ የሚወጣው። አባቴ ያልተረዳው ሰው ቤት በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቁና ወደዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ይነፋሉ። አንዳንዱን ሸንተረር ጨርሶ ይዘሉታል። ሽማግሎቹ መርዶውን ነግረው ሲያበቁ ደግሞ ተመልሰው ሄደው ወደ ተዘለለው ወገን ዞረው ይነፋሉ። ይህን እንደ ሽማግሌ አመል ነበር የማየው።

አባቴ ደግ ሰው ነበሩ ብዬ አልጽፍም። ቤት ውስጥ ምላሳቸው ማንንም አይምርም ነበር። እናቴን በሰው ፊት ሲያዋርዷት አይቻለሁ፤ እኔንም ይህን ሙያ በመያዜ «የሽቦ ለቃሚ» ሲሉኝ ኖረዋል። ጥሩምባውን በቅቤ እያሹ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡታል፤ ከእሳቸው በቀር ሰው አይነካውም። እኔ ልጃቸው አንድ ቀን አፌን አላስጠጋሁበትም። ለባዳ ሰው ለቅሶ እንዲያ የሚጠነቀቁ ሰው ለገዛ ልጆቻቸው ቃል የማይመርጡ ነበሩ። የተማረረ ልጅ ሆኜ አድጌያለሁ፤ አሁንም አልለቀቀኝም። ከእኛ ሁሉ ቀና ብላ የምትመልስላቸው ታናሽ እህቴ ብቻ ነበረች፤ እሷ ስትመልስላቸው ይስቃሉ።

ቅሬው መኪናውን የገዛበት ምክንያት ነበረው፤ ሐሰት አልናገርም። ከተማው ተለጥጧል፤ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ የተነሱት ሰዎች ሩቅ ሰፍረዋል፤ ሬሳ በቃሬዛ ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ የሚወጣ ጎልማሳ ጠፍቷል። ስልክ ይኖራል ሲባል ኔትወርክ ይጠፋል። የአባቴም ትንፋሽ አጥሯል። አንድ እሑድ ቅሬው ወይራው ሥር ተሰበሰበና የቅሬው ዳኛ፣ ማኅበሩን የሚመሩት ሽማግሌ ማለት ነው፣ ነገሩን አነሱት።

«መኪናው ላይ ድምፅ ማጉያ ይገጠምበት» አሉ። «ጥሩምባው እንደሁ ደክሟል።»

አባቴ ከድንጋዩ ላይ ሳይነሱ መለሱ። «ጥሩምባውስ አልደከመም። የደከምሁ እኔ ነኝ። እንደዚያ በሉት።»

ዳኛው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ገጣሚው ደግሞ ከቤትዎ አለ፤ ሌላ ፍለጋ አንሄድም» ብለው ለአባቴ ነገሯቸው። ለክብራቸው ያደረጉት መስሏቸው ነበር።

አልሠራም ማለት እችል ነበር። ግን እኔ እምቢ ብል አንዱ መጥቶ ያንን የሲጋራ ወረቀት ይሰካበታል። መኪናው ሬሳና ሐዘንተኛ ጭኖ ቁልቁለት ላይ ቢነድስ? ደግሞም ሥራ አልነበረኝም። እሺ አልኩ።

መኪናውን ሱቄ በር አቁሜ ዳሽቦርዱን ስፈታ የጠበቅሁትን አገኘሁ። ከእኔ በፊት የነካኩት ሰዎች ሁሉ አሻራቸውን ትተዋል። አንዱ የቴፑን ገመድ ከፊት መብራቱ ገመድ ላይ ቀጥሎታል፤ ሌላው የቀጠለበትን በናስትሮ መጠቅለል ትቶ በፌስታል ቋጥሮታል፤ ፌስታሉም ቀልጦ ከገመዱ ጋር አንድ ሆኗል። ሰደብኳቸው። የማላውቃቸውን ሰዎች ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሰደብኳቸው፤ ቀለል አለኝ። ከዚያ በኋላ የባትሪውን ገመድ ነቅዬ አሮጌውን ሁሉ ጎልጉዬ ጣልኩና ከባዶ ጀመርኩ።

ድምፅ ማጉያ ብዙ ኃይል ይበላል፤ ከመብራት ወይም ከክላክስ ጋር አይጋራም። ስለዚህ ከባትሪው በቀጥታ ወፈር ያለ ገመድ ሳብኩለት። ፊውዙን ከባትሪው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ሰካሁት፤ ብዙ ሰው ቴፑ አጠገብ ነው የሚሰካው፣ በመሀል ያለው ገመድ ቢላጥ ግን ያ ፊውዝ ከምንም አያድንም። ገመዱ ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሻገርበትን ቀዳዳ በላስቲክ ሸፈንኩት፤ ያለዚያ ቆርቆሮው በየኮረኮንቹ ገመዱን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ማሳውን፣ ማለትም ወደ መኪናው አካል የሚመለሰውን ጥቁሩን ገመድ፣ ቀለም ላይ አላሰርኩትም። ቀለሙን ፍቄ፣ ብረቱ እስኪያበራ አሽቼ፣ በጥብቅ ብሎን አሰርኩት። ማሳው ከላላ የሞተሩ ጩኸት ከሰው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ሰውየው ሲናገር ዝንብ አብሮት የሚናገር ይመስላል። እኔ የገጠምኩት ላይ ዝንብ የለም። ቴፑ ከቀብር መልስ መዝሙር እንዲያሰማ፣ ማይክራፎኑ ለጥሪ እንዲሆን አደረግሁ። ዳኛው ባዘዙት መሠረት ጣሪያው ላይ ሁለት ማጉያ ሰቀልኩ፤ አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ።

ማጉያዎቹን በማጠብቅበት ቀን አባቴ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ግንብ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩኝ ጀመር። ወቀሳ ጠብቄ ነበር።

«ፊቱ በየት ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ፊት ነው ያለው፣ አባዬ። አንዱ ወደፊት ይናገራል፣ አንዱ ወደኋላ።»

«በሁለቱም ባንድ ጊዜ?»

«አዎ። መኪናው እየሄደ ሁሉም እንዲሰማ ነው።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩት። «ጀርባ የለውማ» አሉ።

እጄ ቆሽሿል፣ ብሎኑ አልያዝ ብሎኛል፤ የሽማግሌ ቅናት ነው ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይተው ተነሱና ሄዱ።

የሙከራው ቀን ግማሽ ሰፈር ተሰበሰበ። ዳኛው ማይክራፎኑን ያዙና «አንድ፣ ሁለት» አሉ። ድምፁ ወጣ፤ ወፍራም፣ ጥርት ያለ፣ ምንም ጩኸት የሌለበት። ሞተሩን አስነሱልኝ አልኩ፤ አስነሱት፤ ያው ነው። ነዳጅ ስጡት አልኩ፤ ያው ነው። ማዶ ያሉ አራሾች በሬያቸውን አቁመው ዞረው አዩ። ዳኛው ማጉያውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ዕቃው ግሩም ነው» አሉ። ሾፌሩም «ሐቂቃ፣ ዕቃው አንደኛ ነው» አለ። ከወደ ቆላው ባለ የመንገድ ዳር ከተማ ያደገ እስላም ነው፤ ለቅሬው ተቀጥሮ ሲነዳ ጸባዩን ሁሉም ወዶለታል። ዕቃው። ያንኑ ዕቃ ለሌላ ገጣሚ ሰጥታችሁ ባየሁ ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ቅሬው ለአባቴ የስንብት ዝግጅት አደረገላቸው። ጥሩምባቸውን ለራሳቸው መረቁላቸው፤ የሚገርመው ምርቃቱንና ምስጋናውን የተናገሩት በዚያው ድምፅ ማጉያ ነው። አባቴ አጠገቡ ቆመው ነበርና ከድምፁ ብዛት ጆሯቸውን ያዙ። ሰው ሳቀ። ጥሩምባውን ቤት ወስደው አልጋቸው ሥር ከተቱት፤ ከዚያ ወዲያ ቅቤ ሲቀቡት አላየሁም።

ቤት ዋሉ። መኪናው በማለዳ ሲጣራ ግን ጆሯቸውን ያቆማሉ። «ያልተረዳ አለወይ ብለው ጠይቀዋል?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? «ዳኛውን ይጠይቋቸው» እላለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው ከኮን ገበያ ውሎ አድሮ ሲመለስ የወንድሙን ሞት ከመኪናው ሰማ። ጨው ተሸክሞ ነበር፤ ከነጨው መንገዱ መሀል ተቀመጠ፤ ሰዎች ናቸው ያነሱት። አባቴ ይህን ሲሰሙ እያሳላቸው ዳኛው ቤት ድረስ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። ከዚያ በኋላ ግን ቅሬው ደንብ አወጣ፤ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ያልተረዳ ሰው ይጠየቃል፣ ወዳለበት መንደር አይኬድም። አባቴ ደንቡን ሰምተው «ይሁን» አሉ። ያሸነፉ ሰው ፊት አልነበራቸውም።

እህቴ ያገባችው ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ባለ መንደር ነው። ብዙ ዓመት ልጅ አጥታ ኖራለች። ያልወጣችበት ጠበል፣ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። በዚያ ክረምት መውጫ አባቴ ሳሉ በርትቶባቸው አልጋ ላይ ሲውሉ እህቴ ወለደች፤ ሴት ልጅ። ምጡ ጠንቷት፣ ደም ፈሷት፣ ከሞት ተርፋ ነው። አባቴ ወሬውን ሲሰሙ እንባቸው ወረደ። እኔ ስወለድ እንደዚያ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ እጄን ያዙኝ። እጄን ይዘውኝ አያውቁም ነበር።

«ከዚህ አልጋ አልነሳም» አሉ። «አራሷ እንዳትሰማ። አንጀቷ ገና አልጠናም። ክርስትና እስክታስነሳ ድረስ ደኅና ናቸው በሏት።»

«ይድናሉ፣ አባዬ።»

«እሱን ተወው። ጥቁር ለብሳችሁ እንዳትሄዱባት። አንተ ሂድ፤ አንተ ፊትህ ሁልጊዜም የጠቆረ ስለሆነ አትጠረጥርም።»

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁና ሳሉ። ቃል ገባሁላቸው። በሕይወታቸው ከእኔ የለመኑት ነገር ይህ ብቻ ነው። ውሸቱን ከዚያው ዕለት ጀምሮ ተለማመድኩት። ገንፎ ይበላሉ እላታለሁ፤ ስምሽን ይጠራሉ እላታለሁ፤ ልጅቱን እስካያት ቸኩያለሁ ይላሉ እላታለሁ። የመጨረሻው እንኳ እውነት ነበር።

አንድ ማለዳ አረፉ። ኔትወርክ አልነበረም። ዳኛው ወዲያው ደረሱ፤ ገና ከበር ሳይገቡ «ያልተረዳ ማን አለ?» ብለው ጠየቁ። በዚያች ሰዓት አመሰገንኳቸው። የአባቴ ጥያቄ ነበር፤ ለአባቴ ሲጠየቅ ሰማሁት።

«እህቴ» አልኩ። «አራስ ናት። ክርስትና እስክታስነሳ እንዳትሰማ ብለው ቃል አስገብተውኛል።»

«እንግዲያ ወደ አሸተን ወገን አንሄድም» አሉ። «ከመታጠፊያው ላይ መኪናውን አዙረን እንመለሳለን።»

«በጥሩምባ ቢሆንስ?» አልኩ።

ዳኛው አዘኑልኝ። «ማን ይነፋዋል፣ ልጄ?»

ማን ይነፋዋል። አንድ ሰው አላስተማሩም። ጥሩምባው አልጋው ሥር አለ፣ እሳቸው አልጋው ላይ አሉ፤ ሁለቱም ዝም ብለዋል። ተናደድኩባቸው። አባቴ ሞተው ገና ሳይገነዙ ተናደድኩባቸው።

ወደ እህቴ መንደር ሰው ላክን፤ አማቷ በሯን ዘግታ ከአጠገቧ እንዳትለይ፣ ባሏ ገበያ ወጣሁ ብሎ ወደ ቀብሩ እንዲወርድ። ሾፌሩ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ አባቴ ጧት ጧት በመንደሩ ሲያልፍ እያስቆሙ ይቀልዱበት ነበርና ወዷቸው ነበር። «አብሽር» አለኝ ትከሻዬን ይዞ፤ «ወደዚያ የመኪናውን አፍንጫ አላዞርም።» መኪናው ሄደ።

ድንኳን ተካዮቹ ችካል እየመቱ ነበር። እኔ አጥሩ አጠገብ ቆሜ ጥሪውን አዳመጥኩ። ከመናኸሪያው በኩል ተሰማ፤ ከአዲሱ ሰፈር ተሰማ። የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሰዓቱ። እያንዳንዱ ፊደል ተለይቶ ይሰማል። በዚያ ሐዘን መሀል፣ ማሳውን ደኅና አስሬዋለሁ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሰው እንዲህ ነው። ከዚያ መኪናው ወደ መታጠፊያው ወጣና ድምፁ ራቅ አለ፤ ዞሮ ሲመለስ እንደገና ቀረበ። እንደተባባልነው ነው ብዬ ተነፈስኩ።

በዚያች ትንፋሽ መሀል ስሙ ሁለተኛ ተጠራ። ከመኪናው አልነበረም። ከላይ ነው፤ ከአሸተን ገደል ተመልሶ መጣ። ገደሉ የአባቴን ስም ከነአባታቸው መልሶ ነገረኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሰዓቱን ሳይቀር። ገደሉ ጋ የደረሰ ድምፅ ከገደሉ ግርጌ ያለውን መንደር ሳያልፍ አይደርስም። መኪናው ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል፤ የኋላው ማጉያ ግን ወደ እህቴ ቤት እየተናገረ ነው። ጀርባ የለውማ።

ሮጬ የት እደርሳለሁ? ችካል የሚመቱት ሰዎችም እጃቸውን አቁመው ወደ ተራራው አዩ፤ የገባቸው ነበሩ።

ሬሳው ከቤት ሲወጣ እህቴ ደረሰች። መቀነቷን ሆዷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራለች፤ አማቷ ከኋላ ሕፃኗን አዝላ እያለቀሰች ትከተላታለች። ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረደችው አላውቅም፤ ቀሚሷ ላይ ደም ነበር። ሴቶቹ ሊይዟት ከበቧት። እሷ አልጮኸችም፤ ቃሬዛውን ተከትላ ሄደች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። አራስ ናት፤ ክርስትና ሳታስነሳ ቅጥሩ ውስጥ አትገባም። ካህናቱ ማዕጠንታቸውን ይዘው አለፉ፣ ሬሳው አለፈ፣ እኛም አለፍን። እሷ ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ይዛ ቀረች። አፈሩ ሲመለስ ድምፅዋን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ከግንቡ ማዶ። ባትሰማ ኖሮ ልጇን አቅፋ ቤቷ ነበረች። ሰምታ ደግሞ አልቀበረችም። አባቴ የለመኑኝ ይህ እንዳይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡቷ ነጠፈ። ሕፃኗ በላም ወተት አደገች፤ አለች፤ ቀጭን ናት። እህቴም እንደገና ታመመች፤ ክርስትናውም ዘገየ።

ሾፌሩ ለቅሶ ቤት መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ቡናም ምግብም አልነካም። «ወላሂ አዙሬው ነበር» አለኝ። «ፊቱን ሙሉ በሙሉ አዙሬው ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እሱ ምንም አላጠፋም። ዳኛውም አላጠፉም፤ የኋላውን ማጉያ እንፍታው ብዬ ሳመለክት ግን «ግማሹ ሰው ሳይሰማ ሊቀር ነው» ብለው ማኅበሩን አስወሰኑ። ይኸው ዛሬም መኪናው በሱቄ በር ያልፋል፣ በሁለቱም ወገን እየተጣራ። ፊውዙ አንድ ቀን ተቃጥሎ አያውቅም። ገመዱ አልሞቀም። የምጠላው ሥራዬ እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ የጠራው ነው፤ እሱን ሲሰማ ሰው ሁሉ ያደንቃል፣ አሁንም ዕቃውን ነው።

ክርስትናው ሲደርስ ወደ እህቴ ወጣሁ። ቅቤና ማር ይዤ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለብቻችን ተገናኝተን አናውቅም ነበር። ልጅቱን አቀበለችኝ፤ ቀላል ናት። ምን እንደምላት ጠፋኝ። የተለማመድኩት ውሸቱን ብቻ ነው፤ እሱም ጊዜው አልፎበታል።

«እዚህች ነበርሁ» አለች አልጋዋን እያሳየችኝ። «በሩ ተዘግቷል። አማቴ የባጥ የቆጡን ታወራልኛለች። ጥሩምባ ቢሆን ለማን ነው እያልሁ ቃሉን ለመስማት ወደ ደጅ እወጣ ነበር፤ እሷም ትይዘኝ ነበር። መውጣት አላስፈለገኝም። ድምፁ እቤት የገባ ሰው ነው የመሰለኝ።»

ልጅቱን ወደ ደረቴ አስጠጋኋት።

«ያንተ ሥራ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኳት።

ልጅቱን ከእጄ ተቀበለችኝና በጋቢው ሸፈነቻት። ቁጣ የለባትም፤ ቁጣ ብትቆጣ እንዴት በወደድሁ።

«አሳምረህ ነው የገጠምከው» አለችኝ። «አንድ ቃል አላመለጠኝም።»